የበኺት ግድግዳና የእኔ መርከብ

ቅዳሜ፣ ዙልቃዕዳ 5

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የልጅ ልጄ ረውዳ ናት። «አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲነካኩ ከሚውሉ እስቲ ይጻፉት፤ ወረቀት አይቀየምም» አለችኝ። እሺ። ወረቀት ሆይ፣ እንግዲህ ቻለው።

ሸዝሊ እባላለሁ። ከሉክሶር ወንዙን ተሻግሮ ባለው መንደራችን አምሳ ዓመት ያህል የሐጃጆችን ግድግዳ ስሥል ኖሬያለሁ። ሰውየው መካ ላይ ሲዞር እኔ እዚህ መሰላል ላይ ቆሜ ካዕባን፣ መርከቡን፣ ግመሉን፣ ከላይ አውሮፕላኑን እሥላለሁ፤ ስሙንና ዓመቱን በትልቁ እጽፋለሁ። ሲመለስ ቤቱ ቀድሞት «ሐጂ መጣ!» ይላል። ይላል ነበር። አሁን ሁሉም ከማተሚያ ቤት ባነር ያሠራል።

የራሴ ግድግዳ ነጭ ነው። ያልሄደ ሰው ግድግዳ አይሣልም፤ ደንቡ ነው። በየዓመቱ ለሐጅ ዕጣ ስሜን እሰጣለሁ፣ ዕጣው ግን አያውቀኝም። ስለዚህ እንስራዬን አስደግፌበት፣ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው መንገደኛ አያለሁ። ጥላው ጥሩ ስለሆነ ነው።

ረውዳ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራዋን ሲጠይቋት «የዘመኑ ሠዓሊ ነኝ» ትላለች። «እኔስ የማን ዘመን ነኝ፣ የፈርዖን?» እላታለሁ፣ ትስቃለች። ዛሬ አልሳቀችም። ካይሮ ለአንድ ዐውደ ርዕይ የላከቻቸው ሥዕሎች ተመለሱ። መራጮቹ «የገጠር ጌጥ ነው፣ አይተነዋል» አሏት። እነዚያኑ ሥዕሎች አምና ለመንደሩ ስታሳይ ደግሞ «ልጄ፣ ተገልብጦ ነው እንዴ የተሰቀለው?» ተብላለች። (ያልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹም ግን አስበውታል።)

አባቷ ረጀብ፣ የእኔው ልጅ፣ መሻገሪያው ጀልባ ላይ ትኬት ቆራጭ ነው፤ ሁሉን ነገር በሰዓቱ ይፈልጋል። ራት ላይ ቁርጡን ነገራት። «ሐጃጆቹ እስኪመለሱ እታገሥሻለሁ። ከዚያ ወጂህ ማተሚያ ቤት ትገቢያለሽ። ሥራ ሥራ ነው፤ ይኼ ግን ምን እንደሆነ እኔ አልገባኝም።»

ወጂህ ማለት የሐጅ ባነር የሚያትመው ነው። እኔን ከመሰላል ያወረደኝ እሱ ነው። የሙሉኺያውን ወጥ ሳልጨርስ ተነሣሁ። ነጭ ሽንኩርት አብዝተውበት ነው።

ሰኞ፣ ዙልቃዕዳ 7

የልጅነት ጓደኛዬ በኺት ዘንድሮ ዕጣ ወጥቶለታል፤ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይሄዳል። ስም የሰጠነው አብረን ነበር።

«ዕጣው ቆንጆ ቆንጆውን ነው የሚመርጠው» አለኝ።

«ኃጢአቱ የበዛውን ነው የሚያስቀድመው፤ አስቸኳይ ስለሆነ» አልኩት።

ልጁ ሳቢር ከአሁኑ ከወጂህ ባነር አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። «እንኳን ደህና መጣህ ሐጅ በኺት» ይላል፣ ሰውየው ገና ሻንጣውን ሳይዘጋ። የበኺት ራስ የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ ተተክሏል። በኺት አንገት ኖሮት አያውቅም፤ እዚህ ላይ የሰጎን አንገት አብቅሏል።

አምፖሌ ደክሟል። መቀየር አለበት። መስመሮቹ እየሄዱ ይታጠፉብኛል።

ሐሙስ፣ ዙልቃዕዳ 10

ትናንት ንፋስ። ባነሩ የለም። ዛሬ ጠዋት የበኺት ፊት በጎረቤት የወተት ጎሽ በረት ጣሪያ ላይ ፈገግ ብሎ ተገኘ። ጎሿ ከሥር ቆማ ታመሰኳለች። ከሳቄ የተነሣ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

የበኺት ሚስት ነዚሃ ግን አልሳቀችም። ሳቢርን መንገድ ላይ አፋጠጠችው። «ሰው ከቤቱ ሳይወጣ እንኳን ደህና መጣህ ይባላል? አባትህ ላይ ልታሟርትበት ነው? ሁለተኛ ግድግዳዬ ላይ ላስቲክ አይሰቀልም!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሸዝሊ፣ እዚያ ተቀምጠህ ከምትገለፍጥ ብሩሽህን አውጣ።»

መነጽሬን ፈለግሁ። አፍንጫዬ ላይ ነበር።

«ረውዳ ትሥራው» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሙቀቱ ነው።

ቅዳሜ፣ ዙልቃዕዳ 12

በኺት ሄደ። ከበሮ፣ እልልታ፣ አቧራ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ጆሮዬን ይዞ «ስምህን ጠርቼ ዱዓ አደርግልሃለሁ» አለኝ። «ጮክ በል፣ እዚያ ሰው ይበዛል» አልኩት።

ረውዳና አባቷ ተስማሙ። በኺት ሲመለስ ሥዕሉን እንዳለ ከተወው ረጀብ ስለ ማተሚያ ቤት ዳግመኛ አያነሣም። በኖራ ካስጠፋው ግን ረውዳ በማግስቱ ወጂህ ዘንድ ትገባለች። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ልጅቷ የአባቷን እጅ ቶሎ አልለቀቀችም። ይኼን ለማየት መነጽር አያስፈልግም።

እኔም ምክሬን ሰጠሁ። መርከቡ በቀኝ፣ ካዕባ መሐል፣ ግመሉ በግራ፣ አውሮፕላኑ ከበሩ በላይ። «ይኼን ከሠራሽ ማንም አይነካውም። ተኝተሽ ታልፊያለሽ።»

«ችግሩ እሱ አይደል፣ አባባ» አለችኝ፣ «ተኝቼ ነው የማልፈው።»

ዘንድሮ የልጅ መልስ ከርሞ ነው የሚገባኝ።

እሑድ፣ ዙልቃዕዳ 20

ሳምንት አለፈ፤ ግድግዳው ላይ አንዲት ነጥብ የለችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ሰው እያለፈ «ግድግዳው ምን አለሽ?» ይላታል። ዛሬ እኔም ሄድኩ።

«አባባ፣ ከዚህ መንደር በግመል መካ የደረሰ ሰው ያውቃሉ?»

«የለም።»

«በመርከብስ?»

«አያቴ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ግመልና መርከብ ለምን ሣሉ?»

«ስለሚያምር ነዋ!»

«ያምራል። እኔ መሣል የጀመርኩት የእርስዎን መርከብ እያየሁ ነው። ግን የማን ጉዞ ነው?»

ሻይ አምጪልኝ አልኳት።

ሥዕል ድሮ ቀላል ነበር። ባለቤቱ የሚፈልገውን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሻይ ይመጣል፣ ሥራው ያልቃል። እሷ ማንም ያልጠየቃትን ልትሥል ትነሣለች፤ ደግሞም ሰው እንዲወደው ትፈልጋለች። ይህ ሥራ ነው ወይስ በሽታ? ጠየቅኋት።

አልተቆጣችም። «እኔንም እሱ ነው የሚጨንቀኝ» አለች። «ከተማ ሲያዩት መንደር ነው ይሉኛል። መንደር ሲያየው ከተማ ነው ይለኛል። አንዳንዴ የትም የሌለ ነገር እየሠራሁ ይሆን እላለሁ።»

አንድ ጥሩ ቀልድ ነበረኝ። ዋጥኩት።

ረቡዕ፣ ዙልቃዕዳ 23

ጀመረች! ግን በስልክ። ነዚሃ ጠዋት ሊጧን ፀሐይ ላይ አስጥታ ኩፍ እስኪል ስትጠብቅ፣ ስልኩን በሊጡ ገበታ ላይ አስደግፋ በኺትን ታየዋለች። ረውዳ ከጎኗ ቁጭ ብላ ትጠይቀዋለች።

«አጎቴ በኺት፣ ዛሬ ምን አዩ?»

«ምን ያልታየ ነገር አለ! ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሬ ነበር፣ ከሰባት አገር ሰው ጋር። ሁላችንም በየቋንቋችን ስንጸልይ ተከፈተ።»

«እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«አምባር። ብጠፋ ማን እንደሆንኩ ማሽኑ ይነግራቸዋል። ሸዝሊ አጠገብሽ አለ? ለሱም ይሰጡት በያቸው፤ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠፋው።»

ሰደብኩት። ዘመዱ እንኳ እንደዚያ አልሰደበውም። ደስ አለኝ፤ ድምፁ ደህና ነው።

እሑድ፣ ዙልቃዕዳ 27

በኺት ዛሬ አልቀለደም።

መስጊዱ በር ላይ ጫማው ጠፋበት። ያቺ አረንጓዴ ማሰሪያ ያላት ነጠላ ጫማ፣ ነዚሃ የገዛችለት። ጫማ እንደ ባሕር ተዘርግቶ ነበር አለ፤ ፈልጎ ፈልጎ ተወው። ባዶ እግሩን አስፋልቱ ላይ ሲወጣ እንደ ምጣድ ፈጀው። መንገድ ዳር ቆሞ እንደ ልጅ ሊያለቅስ ሲል አንድ ግዙፍ ሰው፣ አገሩን የማያውቀው፣ ቋንቋውን የማያውቀው፣ የራሱን ጫማ አውልቆ እግሩ ሥር አኖረለትና ባዶ እግሩን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቀውም። ሰው ዋጠው።

«ከዚያ ወዲህ በማየው ሰው ሁሉ ላይ ፊቱን እፈልጋለሁ» አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ነዚሃ ጥቁር የሆነውን ስልክ ይዛ ቆየች።

ረውዳ ተነሥታ ቀለም በጠበጠች። ሰማያዊውን እኔ ነኝ የበጠበጥኩላት። ከእኔ በቀር ማንም በትክክል አይበጠብጠውም። አረንጓዴ ነው አለችኝ። ጥላ ውስጥ ሆኜ ነው።

ረቡዕ፣ ዙልሒጃ 1

መንደሩ ሁሉ በኺት ግድግዳ ሥር ነው። የሻይ ሱቁ ባዶ ሆነ።

ምን እንዳለበት ልጻፍ። ከታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ጫማ። የላስቲክ፣ የቆዳ፣ የሕፃን፣ ጎደሎ ጫማ። ከላዩ ጃንጥላዎች፣ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ አምባር ያሰሩ እጆች። ሰዎች የታጨቁበት ሊፍት። በግራ፣ የእኔ ግመል ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ነዚሃ ከሊጧ ጋር ተቀምጣለች። በእጇ ስልክ አለ። ካዕባ ደግሞ... እዚያች ስልክ ውስጥ ናት! አውራ ጣት የምታክል!

«ይኼማ ድፍረት ነው!» አልኩ።

«ነዚሃ ያየቻት እንደዚህ ነው» አለች ረውዳ።

የሰማሁት ወሬ፦
«ጫማ ግድግዳ ላይ? ነውር አይደል?»
«እኔ ግን ሊፍቱን አውቀዋለሁ። በአላህ፣ ያው ሊፍት ነው።»
«ግመሉስ የት ሄደ?»
«ሸዝሊ ነው ያበላሻት።» (ይኼን ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። ቆይ።)

ሳቢር ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ባነሩ ላይ የደረሰበት ገና አልወጣለትም። አንድ ባልዲ ኖራ በጥብጦ ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። «አባቴ አንድ ቃል ይበል፤ በአንድ ሰዓት ነጭ አደርገዋለሁ» አለ። ባልዲው እዚያው ተቀምጧል። ረውዳ ስታልፍ ታየዋለች። እኔም።

እሑድ፣ ዙልሒጃ 5

ሙቀት። ረውዳ መሰላል ላይ። ራሷ ላይ እርጥብ ጨርቅ። ማንም ምሳ በይ አላላትም፤ እኔ ነኝ ዳቦና አይብ የወሰድኩላት። ቁልቁል ሳታይ «አባባ፣ ደክሞኛል» አለችኝ። «ወጂህ ዘንድ አየር ማቀዝቀዣ አለ» አልኳት። ምን ዓይነት ምላስ ነው ያለኝ? ማጽናናቴ ነበር እኮ።

ማክሰኞ፣ ዙልሒጃ 7

መርከብ የሌለበት የሐጅ ግድግዳ በሕይወቴ አላየሁም። በኺት መርከብ ይወዳል። መርከብ ቢኖርበት ኖራ አይነካውም ነበር። ይኼው ነው የምለው፣ ደጋግሜም እለዋለሁ።

ሐሙስ፣ ዙልሒጃ 9

ዛሬ ሐጃጆች አረፋ ተራራ የሚቆሙበት ቀን ነው። መንደሩ በየቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ተኮልኩሏል፤ ረውዳም ነዚሃ ጋ ገብታ ነጭ ለብሶ ከተራራው ሥር ከቆመው ሕዝብ መሐል በኺትን ትፈልጋለች። ግድግዳው ብቻውን ነበር። መሰላሉም ብቻውን ነበር።

ለሰው በጎ ማድረግ ነውር ነው? ትንሽ መርከብ። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ባዶ ቦታ ነበረ። እጄ መንገዱን ያውቀዋል፤ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ እሥለዋለሁ። ቀፎው፣ ሁለቱ ጭስ ማውጫ፣ ባንዲራው። ወርጄ አየሁት። ጥሩ ነው።

ግድግዳው ትንሽ ጠማማ ነው።

ዓርብ፣ ዙልሒጃ 10

ዒድ። ሥጋ፣ ልጆች፣ ጩኸት። ረውዳ መርከቡን አየችው። እኔ ሥጋዬን በትጋት ማኘክ ጀመርኩ። መርከቡን ብዙ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ መነጽሬን አየችው።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች።

እሑድ፣ ዙልሒጃ 12

ረጀብ እንደነገረኝ መርከቤ አፍንጫዋን ደፍታ ግማሿ መስኮቱ ውስጥ ገብታለች። ውሸት ነው ብዬው ነበር። ዛሬ ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት።

ረውዳ አላጠፋችውም። ከሥሯ ጫማዎቹን ወደ ላይ አስነሥታ እንደ ማዕበል ሣለቻቸው። መርከቧ አሁን የወደቀች ሳትሆን ማዕበል የምትወርድ ትመስላለች። በማዕበሉ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ማሰሪያ ያላት ጫማ አለች።

ምን ይባላል? እኔ ለእሷ ብዬ ነበር መርከብ የሠራሁት።

ማክሰኞ፣ ዙልሒጃ 14

ረውዳ ብሩሾቿን አጥባ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። «ሰው ይውደደው ይጥላው አስቀድሜ ማወቅ አልችልም» አለችኝ። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ስሥለው ካይሮን አላሰብኩም። መራጮቹን አላሰብኩም። አጎቴ በኺት እግሩ እንዴት እንደተቃጠለ ብቻ ነበር የማስበው።»

«እሱስ አሁንም እግሩ ይሸታል» አልኳት። ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ።

ረጀብ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሰዓቱን አየና ወጣ። የሚሄድበት አልነበረውም፤ ጀልባው ዕረፍት ላይ ነው።

ኖራው እንዳይደርቅ ሳቢር በየቀኑ ውኃ ይጨምርበታል። ትጉህ ልጅ ነው፣ ትጋቱን ሌላ ቦታ ያድርግለት።

ቅዳሜ፣ ዙልሒጃ 18

በኺት ተመለሰ። በቀስታ ልጻፈው።

ከበሮው መኪናውን ከመንገዱ አፍ ተቀበለው። በኺት ወረደ፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል። እግሩ ላይ ጀልባ የሚያክል ቡናማ ነጠላ ጫማ አድርጓል። ሲራመድ ጠፍ ጠፍ ይላል። ያ ሰው የሰጠው ነው፤ አላወለቀውም።

ቀና ሲል ግድግዳውን አየ። ረውዳ ከእኔ ኋላ ቆማ ጀለቢያዬን ጨብጣለች። ሳቢር ባልዲውን አነሣ።

«አባቴ፣ እኛ የለንበትም። አንድ ቃል ይበሉኝ፣ ኖራው ዝግጁ ነው።»

በኺት ወደ ግድግዳው ቀረበ፣ ጎንበስ አለ፣ ጫማዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ሄደ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ በእግር ጣቶቹ ቆመ።

«አንቺ!» አለ። «እዚህ ነበርሽ ለካ! እኔ እዚያ ቆዳዬ እስኪላጥ ስፈልግሽ!»

አረንጓዴ ማሰሪያ ያላትን ጫማ ነው። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በሻሹ ሸፈነ። ነዚሃ ሄዳ ጎኑ ቆመች። ሥዕሏን አሳየችው። «እኔም ሄጃለሁ፣ አየህ?» አለችው።

እኔ ዝምታ አልችልም። «መርከቧስ?» አልኩ።

በኺት አየኝ። «ይቺ ናት መርከብ? ምን ጠጥታ ነው?» ከዚያ ጠጋ ብሎ «የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ» አለ። «ከዚህ ግድግዳ ላይ መካ ያልሄደች እሷ ብቻ ናት።»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ደህና አድርጎ ነው የወጋኝ፤ እኔ ብሆንም እሱን አላሳልፈውም ነበር።

እሱ ግን ወዲያው ተቆጣ። «ረውዳ! የት ነሽ? ይኼ ነገር ጎደሎ ነው።»

ልጅቷ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ ወጣች።

«ሰውየው የታለ?»

«የቱ ሰውዬ፣ አጎቴ?»

«ጫማውን የሰጠኝ! ሁሉን ሥለሽ እሱን ተውሽው?»

«ፊቱን አልነገሩኝም። ከልቤ ፈጥሬ መሣል አልፈለግሁም።»

«እነግርሻለሁ። አሁን እነግርሻለሁ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሲስቅ... ግን ቦታ የለም፣ ሞልተሽዋል።» ዞር ብሎ ባልዲውን አየ። «ሳቢር፣ ያ ኖራ ነው? ጎበዝ! ለካ አስበህበታል። በል የወዲያኛውን ጎን፣ ባነርህ የነበረበትን፣ ነጭ አድርግላት። ሰውየው ትልቅ ነው፤ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።»

ሳቢር ባልዲውን እንደያዘ ቆመ። «ምን ይገትርሃል?» አለችው ነዚሃ። ቀባ። ደህና አድርጎ ቀባ።

ረጀብ ሰዓቱን አየ። «ቃሌ ቃል ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለሰዓቱ። ሲሄድ ከኋላ አየሁት፤ እየተጣደፈ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ዙልሒጃ 21

ካይሮ ስለ ግድግዳው ምንም አልሰማም። ወጂህ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ሀብታም አልሆንንም። ግን ትናንት አንዲት ሴት ከማዶ ሰፈር መጣች፤ ባሏ ተሽከርካሪ ወንበሩን ሲገፉለት የነበሩትን ሰዎች እንድትሥልለት ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ መጥቶ «የእኔስ ጃንጥላ የት አለ?» ብሎ ረውዳን ተቆጣት፣ እሷ የሰረቀችው ይመስል። ሰዉ ግድግዳው ሥር ቆሞ ይከራከራል፤ ሊፍቱ ስንት ሰው ይይዛል፣ ማን መጀመሪያ አለቀሰ። እኔ መርከብ ሥዬለት ማንም እንዲህ ተከራክሮ አያውቅም፤ ሻይ ሰጥቶኝ ይገባ ነበር። ይህን የምጽፈው ቅር ብሎኝ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ረውዳ መጥታ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይኼንን ግድግዳ ይስጡኝ።»

«ደንቡን ታውቂያለሽ። አልሄድኩም።»

«የሐጅ ግድግዳ አላደርገውም። ያዩትን ነው የምሥለው።»

«እኔ ያየሁት ግድግዳ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ግድግዳ እሥላለሁ። የሣሏቸውን ቤቶች ሁሉ። ባለቤቶቹንም፣ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁዎት።»

«ግድግዳ ላይ ግድግዳ! ይኼ ነው የዘመኑ ሠዓሊ ማለት? እብደት ነው።»

«ይሆናል። ግን ሳያዩት አልሥልም። መጀመሪያ ዓይንዎን ያሳዩ።»

«ዓይኔ ደህና ነው። አምፖሉ ነው።»

መልስ አልሰጠችኝም። ይኼን ጠባይ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፤ እኔ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እንስራዬን ከግድግዳው አንሥቼ ወደ በሩ አዛወርኩት። ውኃው በር ላይ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከኋላው ግድግዳው ረጥቦ ቆሽሾ ስለነበር ሳቢርን የተረፈችውን ኖራ ለመንኩት። ግድግዳ ቆሽሾ መተው ደግ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሑድ ረጀብ ወደ ሉክሶር ያሻግረኛል፣ አምፖል ልገዛ። መንገዱ ላይ የዓይን ሐኪም አለ፤ ካለፍን አይቀር ሰላም እንለዋለን።

አግዳሚ ወንበሬንም አዞርኩት፤ ጀርባዬን ለመንገዱ፣ ፊቴን ለግድግዳው። በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በእግሩ ድምፅ እለየዋለሁ። ኖራው ደግሞ ገና አልደረቀም፤ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።